አዲሱ ስታንዳርድ እንዳይቆሽሽ ስለተቆለፈበት ቁም ሳጥን

ለክቡር የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም የቁም ሳጥንዎ ቁልፍ ደህና ነው? እኛ በቱሉ ዲምቱ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ባለው መዋዕለ ሕፃናት፣ አልሐምዱሊላህ፣ እስከ ዛሬ ደህና ነን። ስለ ሰኞ ግን አላውቅም።

እኔ መምህርት ነጅላ ነኝ። ከክፍሌ መስኮት በላይ፣ በኮንክሪት ምሰሶዎች ላይ፣ አዲስ የውሃ ታንከር ተሰቅሏል። ገና ባዶውን ሳለ አንዱ ምሰሶ ተሰነጠቀ፤ ባለፈው ሳምንት ጥፍር ብቻ ያስገባ የነበረው ስንጥቅ ዛሬ ትንሿን ጣቴን ያስገባል። ለመዋዕለ ሕፃናቱ ባለቤት ለአቶ የሺዋስ ባመለክት፣ የግንባታ ደንቡ፣ ማለትም ስታንዳርዱ፣ የሚለውን በጽሑፍ ካላመጣሁ ሥራው እንደማይቆም፣ ለልጆቹም ሌላ ክፍል እንደሌለ አስታወቁኝ። ወደ እርስዎ ደጅ የመጣሁት ለዚህ ነውና ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

፩. ስታንዳርድ እንደ ልብ ወለድ በርዕስ ሳይሆን በቁጥሩና በወጣበት ዓመት እንደሚፈለግ፣ አዲስ ሲወጣም አሮጌው እንደሚሻር ሠራተኛዎ በትዕግሥት አስተምረውኛል። ውለታቸው አለብኝ።

፪. የተሻረውን እትም ለማንም ክፍት በሆነው መደርደሪያ ላይ አገኘሁት። የሚሠራበት አዲሱ ደግሞ እንዳይቀደድ በመስታወት ቁም ሳጥን ተቆልፎበታል። እውነትም አንድ ገጹ አልታጠፈም! እንዲህ ያለ ንጽሕና ሙሽራ ቤትም አላየሁ።

፫. ታንከሩን ያሠሩት ኢንጂነር ዱሬሳ፣ ደውዬ ብጠይቃቸው፣ የምሰሶዎቹን የፌሮ ብረት ውፍረት ከዚያው ክፍት መደርደሪያ ላይ ካለው እትም ቀድተው እንደሠሩ በኩራት ነገሩኝ። እጅዎ እስከ ቱሉ ዲምቱ ድረስ መድረሱን ላያውቁት ይችላሉ ብዬ ነው።

፬. ቁልፉን የያዙት ባለሙያ ዓመታዊ ፈቃድ ላይ ስለሆኑ ማክሰኞ እንድመለስ ተነገረኝ። መልካም ዕረፍት ይሁንላቸው።

ክቡርነትዎ፣ ፌዙን ልተወውና፣ ፈርቻለሁ። ከመስኮቱ ሥር የምትቀመጠው ላጢፋ ገና አራት ዓመቷ ነው፤ ከላይ አሸዋ ጠረጴዛዋ ላይ ሲረግፍባት ዝናብ መጣ ብላ ትስቃለች። ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገሬ ሰው፤ እኔ የለመንኩት አንዲት ገጽ ነው።

ቁም ሳጥንዎን ከአቧራ፣ እርስዎንም ከጥያቄ ይጠብቅልን እያልኩ፣ ከታንከሩ ሥር ሆኜ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

መምህርት ነጅላ
ቱሉ ዲምቱ

ማሳሰቢያ፦ ታንከሩ ሰኞ ጠዋት በውሃ ይሞላል። ማክሰኞ መርማሪዎች መጥተው ስታንዳርዱን ቢጠይቁዎ፣ ያን ጊዜ ቁልፉ ስለሚኖር፣ አደራዎን አውጥተው ያሳዩዋቸው፤ ማንም እንዳልነካውም ይመስክሩ።