ውሃ ፈሪ ናት ያልኩ ለት

ሰኔ 11

ሙቀቱ ዛሬም አናት ይበሳል። ከደምሴ ፀጉር ቤት በረንዳ ላይ ዋልኩ። እሱ በምላጭ ሰው ይላጫል፣ እኔ ተላጭቶ የሚወጣውን በምላሴ እደግመዋለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያለኝ ሥራ ይሄው ነው።

ሰልዋ ደወለች። የልጄ የፈሪሀ ልጅ። በልጅነቷ አባቷ ጅቡቲ ወስዷት፣ እዚያ በሸራ ጀልባ ተለክፋ ቀረች። አሁን ፈረንሳይ አገር ወደብ ላይ ናት። ማርጎ ከምትባል ልጅ ጋር በሸራ ጀልባ ዓለምን ሊዞሩ ነው፣ ውድድር። በአንድ ጀልባ ሁለት ሰው ብቻ። መስከረም ማለቂያ ላይ ይነሳሉ።

ለደምሴ ነገርኩት።

«ሁለት ብቻ? ሦስተኛ የማይጨምሩት ቦታ ጠብቧቸው ነው?»

«መቀናጆ ነው» አልኩት። «አንድ በሬ ያንተ፣ አንድ በሬ የኔ። ተጣምደን እናርሳለን።»

«እንዴ! አንዷ ስትተኛ ሌላዋ ትነዳለች አላልክም? ተኝቶ የሚያርስ በሬ የት አይተህ ታውቃለህ?»

«አንተን» አልኩት።

ዕድሜዬን ሙሉ ለቆቦ ልጆች ውቅያኖስ አስተማርኩ። በካርታ፣ በእርጥብ ጠመኔ። ባሕር አይቼ አላውቅም። እንግዲህ ከዘሬ አንዷ ልታይልኝ ነው...

ሰኔ 19

መሃል ባሕር ሐኪም የለምና ቁስል መስፋት እየተማሩ ነው። የአሳማ እግር ሰጧቸው። የኔዋ ሥጋ ቤት ሄዳ የበግ እግር ገዝታ መጣች።

«ሰፍተሽ ምን አደረግሽው?»

«ቀቀልኩት፣ አባባ።»

«ከነክሩ?»

ስትስቅ ስልኩ ጆሮዬን በሳው። ይቺን ሳቅ ለመስማት ስንት ውሸት ፈጥሬያለሁ።

ሐምሌ 2

ጀልባው ቀላል መሆን አለበት አሉ። የጥርስ ብሩሹን እጀታ ሳይቀር ቆርጠው ጣሉት። ምግባቸውም የደረቀ፣ ውሃ ሲነካው የሚነፋ፣ ጣዕሙ ካርቶን ነው አለች። ፈሪሀ ይሄን ሰምታ ዝም ትላለች? ገብስ ቆልታ በሶ አስፈጨች። ወጪውን የሚችለው ድርጅት ለእያንዳንዳቸው ትንሽ የቤት ምግብ ፈቅዷል። አዲስ አበባ ለሚሄድ ዘመድ አሸክመን ሰደድነው፣ ከዚያ ወዲያ አላህ ያውቃል።

ሐምሌ 20

ድርጅቱ የቤተሰብ ቪዲዮ ፈለገ። ሰልዋ «ስለ እኔ ትንሽ ተናገር፣ አባባ። እንደምታወራው አውራ» አለች።

እንደማወራው!

ፈሪሀ ስልኩን ደገነች። ጎረቤታችን አሚና ወንፊት ልትዋስ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ዓይኗ ከባድ ነው ይባላል። እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ አላምንበትም። ግን እኔ ስላላመንኩ ዓይኗ አይቀልም። በሷ ፊት የልጅ ልጄን ላሞግስ? እናቴም፣ የናቴም እናት፣ የሚወዱትን በሰው ፊት ሲያራክሱ ነው ያሳደጉን። እኔን ራሴን «ይሄ መናኛ» እያለች ነው ለዚህ ያበቃችኝ።

«ይቺ?» አልኩ። «ይቺ ምን ትሆናችኋለች? ውሃ ፈሪ ናት እኮ! ልጅ ሆና ገንዳ ውስጥ ወድቃ፣ ከዚያ ወዲያ ፊቷን ለማስታጠብ ሽማግሌ መላክ ነበረብን። ደሞ እንቅልፋም ናት። ያቺን ምስኪን ፈረንጅ ባሕር መሃል ጥላት ትተኛለች። ሌላ ሰው ፈልጉ፣ ከፈለጋችሁ እኔን ውሰዱኝ!»

አሚና «ኧረ አያ መምህር፣ ልጅቱን አይጨርሷት!» እያለች በሳቅ ተንከተከተች። ፈሪሀም ሳቀች፣ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ያንኑ ላክነው።

ጥሩ ቀን ነበር።

ሐምሌ 27

ከሰልዋ ድምፅ የለም። ጀልባውን ከውሃ አውጥተው ሆዱን እየጠገኑ ነው ብላ ለእናቷ ጽፋለች። ሥራ በዝቶባት ይሆናል። ለቪዲዮው ግን አንድ ሳቅ እንኳ አትልክም?

ነሐሴ 4

ደወለች። ድምጿ ደረቅ።

«ቪዲዮውን ሳላየው አሳለፍኩት፣ አባባ። እጄ ሙጫ ብቻ ነበር። ያንተ ስለሆነ ምን ይኖራል ብዬ...»

«እና አልሳቁም?»

«አስተርጓሚ ቀጥረው ነበር። ቃል በቃል አወረደው። ውሃ ትፈራለች። ጓደኛዋን ጥላ ትተኛለች። ሌላ ሰው ፈልጉ።»

«እንዴ... ቀልድ መሆኑን አልነገርሻቸውም?»

«ነገርኳቸው። ለምን አያት የልጅ ልጁን እንዲህ ይላል አሉኝ። ዓይን እንዳይበላኝ ነው አልኳቸው። ተያዩ።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«ገንዳው እውነት ነው ወይ አሉኝ። እውነት ነው አልኩ። ቀልድህን ተረጎሙት፣ አባባ። ሳቁን አልተረጎሙትም።»

ኢንሹራንስ የሚሰጧቸው ሰዎችም ሰምተዋል። ስብሰባ አለ።

ማሻአላህ ማለት ይበቃ ነበር። አንድ ቃል። አሚና ብትሰማ፣ ቢተረጎም፣ የሚጎዳ ነገር የለውም። እኔ ግን ከአሚና ዓይን ደብቄ ለማን ሰጠኋት?

ነሐሴ 5

ሌላ ቪዲዮ ቀረጽን። የዒድ ልብሴን ለብሼ፣ ከወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጬ። «የልጅ ልጄ ጎበዝ ናት። ውሃ አትፈራም። አምናችሁ ያዟት።»

ፈሪሀ ስልኩን አወረደች። «አባዬ፣ ፍርድ ቤት የቀረበ ምስክር መሰልክ።»

ደገምነው። ባሰ። እውነቱን ስናገር ውሸታም የምመስል ሰው ነኝ ለካ!

ማታ ሰልዋ መለሰች፦ «አሁን ደሞ አስጠንታው ነው ይላሉ። ይቅር፣ አባባ።»

ነሐሴ 17

አወጧት። በቦታዋ ሌላ ልጅ አስገቡ።

አላባረሯትም። የየብስ ሠራተኛ አደረጓት። ሸራ የምትሰፋ፣ ስንቅ የምታሽግ፣ ያንን ጀልባ ለሌላ ሰው የምታሰናዳ። ማርጎ አለቀሰች አሉ። አልቅሳ ግን ትሄዳለች።

ደምሴ ምላጩን እየሳለ «ተው እንግዲህ» አለኝ። «ሰው በሽማግሌ ወሬ ከጀልባ አይወርድም። ሰበብ ሲፈልጉ ነው ያገኙህ። ያቺ የገባችው የማን ልጅ ናት? ጠይቃት!»

አልጠይቃትም። ብጠይቃት የራሴን ጥፋት ለማቅለል ስቆፍር ትሰማኛለች። ይሁን፣ ሰበብ ፈላጊዎች ነበሩ እንበል። ከዚህ ከቆቦ ድረስ ሰበቡን ማን አቀበላቸው?

ደምሴ ዛሬ አልቀለደብኝም። ይሄን ሰው ካወቅሁት ጀምሮ ያልቀለደብኝ ቀን የሚስቴ ቀብር ዕለት ብቻ ነበር።

ነሐሴ 28

ፈሪሀ ምሳ አቅርባ «ብላ» ትላለች። ትወጣለች። ከዚያ ሌላ ቃል የለንም።

ቆጣ ብትል ይሻለኝ ነበር። «ምላስህን ቆርጠህ ጣል» ብትለኝ መልስ አላጣም ነበር። ወይስ መልስ እንደማላጣ አውቃ ነው የማትለኝ?

በሶው ደረሰ። አዲሷ ልጅ ቀምሳ ወደደችው አሉ። ጭነውታል። የኔ ልጅ ወርዳ በሶዋ ዓለምን ሊዞር ነው! ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ሳቄ ራሴን አስጠላኝ።

መስከረም 11

ማሽላው አሽቷል። ወፉም አውቋል። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

መስከረም 19

ሮቢት ከተማ ለቅሶ ሄጄ የቀድሞ ተማሪዎቼ ከበቡኝ። «ቲቸር፣ ያቺ ባሕረኛዋ የልጅ ልጅዎ መቼ ነው የምትነሳው?» ወሬው እዚህ ድረስ የደረሰው በኔው አፍ ነው፣ በሰኔ። «ጥቂት ቀን ቀራቸው» አልኩ። ቀራቸው። ውሸት አይደለም። ጀልባው ይነሳል። ወሬውን ሳልቋጭ ባጃጅ ጠርቼ ተነሳሁ።

መስከረም 30

ዛሬ ተነሱ።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ፈሪሀ አይታ ለኔ አቀበለችኝና ጓሮ ገባች።

«ሄዱ፣ አባባ።»

«ሰላም ወጡ?»

«ነፋሱ ጥሩ ነበር። ገመዱን ከወደቡ እኔ ነኝ የፈታሁላቸው። ማርጎ እጇን ስታወዛውዝ... አዲሷ ልጅ ግራ ገብቷት የግራውን ገመድ ስትጎትት፣ ‹የቀኙን!› ብዬ ጮህኩ። ሰማችኝ። አስተካከለች።»

«ጎበዝ።»

«አሁን ወደቡ ባዶ ነው። ሰው ሁሉ ሄዷል። መሣሪያ እየለቀምኩ ነው።»

ምን እላለሁ? አይዞሽ? አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ? ይሄን በነሐሴ ብዬዋለሁ። «አፉ ብያለሁ» ብላኛለች፣ እናቷ «ብላ» እንደምትለኝ አድርጋ።

«አባባ።»

«ወይ።»

«አንድ ነገር በለኝ እስቲ። የሚያስቅ።»

አፌን ከፈትኩ። ደምሴ ትናንት ማታ የአንዱን ጎበዝ ግማሽ ፂም ላጭቶ መብራት የጠፋበት ትዝ አለኝ። ደህና ወሬ ነው፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን አሳምሬ እፈትለው ነበር። ልጀምር ስል መጀመሪያ በሆዴ ቃል በቃል ተረጎምኩት። ሌላ ፈለግሁ። እሱንም ተረጎምኩት። እየመጡ፣ እያየኋቸው፣ አንድ በአንድ ተመለሱ...

«አባባ? አለህ?»

«ሃሎ... ሃሎ... ሰልዋ? ኧረ ይሄ ኔትወርክ... አይሰማም... ሃሎ?»

ዘጋሁት።

መስመሩ ጥርት ያለ ነበር። ከኋላዋ የባሕር ወፎቹ ሲጮሁ፣ እሷም አፍንጫዋን ሳብ ስታደርግ፣ ሁሉም ይሰማኝ ነበር።