የአባባን ደረት ያናገረችው ሴትዮ

ለእናቴ ምትክ፣ ለእቴቴ፤

እንደምን ከርመሽልኛል? ወገብሽስ ተሻለው? ባለቤትሽ፣ አማትሽ፣ መንታዎቹ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። አባባም፣ ቀድመሽ እንዳትደነግጪ፣ ዛሬ ቀና ብሎ ሾርባ ጠጥቷል።

በስልክ የደበቅሁሽን ልንገርሽ። ሳንባውን የከበበው ፈሳሽ በመርፌ ተቀድቶ ላቦራቶሪ ቢገባም፣ አራት ቀን ሙሉ ምንም ባክቴሪያ አልበቀለበትም። ሐኪሙ ካንሰር እንዳይሆን እንፈራለን አለኝ።

የደረሰችልን የላቦራቶሪዋ ሴትዮ ናት። ማንም ቢያጣድፋት መልሷ አንድ ስለሆነ ባልደረቦቿ “ቆዩ” ይሏታል። ፈሳሹ እንዲያ ደፍርሶ ባክቴሪያው መጥፋቱ አልዋጥልሽ ብሏት፣ ጋዋኗን እንደለበሰች አልጋው ድረስ መጣች። አልቆጣሽም፣ ከመምጣታችሁ በፊት ምን ዋጠ? አለችኝ። እቴቴ፣ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከጥርሴ ሕመም የተረፉኝን እንክብሎች፣ ለደረቱም ይሆነዋል ብዬ። ሐኪሙ ሲጠይቀኝ ግን አፍሬ ምንም አልወሰደም አልኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ ደግሞ መድኃኒቱን ደብቄ በሽታው እንዳይገኝ አደረግሁ።

ሴትዮዋ ግንባሯን እንኳ አልቋጠረችብኝም። እንክብሉ ባክቴሪያውን አዳክሞ እንዳይበቅል አድርጎታል፣ ሰውነቱ ሲዋጋ የረጨው ኢንዛይም ግን ፈሳሹ ውስጥ ይኖራል፣ እሱን እንለካዋለን አለችኝ። እሳቱ ቢጠፋ አመዱ ይናገራል ማለቷ ነው። ከሰዓት በኋላ ልኬቱ እጅግ ከፍ ብሎ ወጣ። ሐኪሙም ከሌሎቹ ምርመራዎች ጋር አስተያይቶ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ነው አለ። መግሉ በቱቦ ተቀዳለት፣ መድኃኒቱ ተቀየረ፣ በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው። እጇ ይባረክ። እኔ በፍርሃት ያጠፋሁትን እሷ በትዕግሥት አቃናችው፤ ተምሮ ሰው መሆን እንዲህ ነው።

ትናንት አባባን፣ ሐኪሙ አንተንም ለብቻህ ጠይቆህ ነበር፣ ለምን ምንም አልዋጥኩም አልከው? አልኩት። ልጄ ሰው ፊት ከምታፍር እኔ ትንሽ ልታመም ብዬ ነው አለኝ። ኮሪደር ወጥቼ የልቤን አልቅሼ ተመለስኩ።

ለባለቤትሽ አክብሮቴን አድርሺልኝ። አማትሽን ጉልበታቸውን፣ መንታዎቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። አባባ ለአንቺ፣ ደህና ነኝ በያት ብሎኛል። ይህን እንኳ ሐኪሙን ጠይቄ ነው የጻፍኩልሽ።

ታናሽ እህትሽ
ከአባባ አልጋ አጠገብ፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ የካቲት 9 ቀን