ሳጅን አንሙት የተናገሩ ዕለት

ሉማሜ፣ ግንቦት 14 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለምወድህና ለምናፍቅህ ልጄ ለሙሉቀን ባምላኩ፤

አዳማ እንዴት ይዛሃለች? ሙቀቱ አልጎዳህም? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ሻይ ቤቱም አለ። ዳገት ስወጣ ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። ስልክ በደወልኩ ቁጥር «እማ፣ ኔትወርኩ እየቆራረጠ ነው» እያልክ ትዘጋብኛለህ። ወረቀት ኔትወርክ አይፈልግም ብዬ ይህን ለአውቶቡሱ ሹፌር ለአብይ ሰጥቼዋለሁ። እጅህ ላይ ሳያደርስ እንዳይመለስ አስምዬዋለሁና እስከ መጨረሻው አንብበው።

ያለፈው እሑድ ቀበሌው ሰብስቦን ነበር። የየኔአለም ሁለት በሬዎች ከተሰረቁ ወዲህ ከተማው ሌላ ወሬ የለውም። እኔ ቤት እንኳ ገበሬው፣ ሹፌሩ፣ አስተማሪው ጠዋት ተጣልተው ከሰዓት ይታረቃሉ፤ ነገሩ አንድ ነው፣ ፖሊስ በሚሸሽ ሌባ ላይ ይተኩስ ወይስ አይተኩስ? በስብሰባው አብዛኛው ሰው «ይተኩስ!» አለ። የኔአለም እንባውን እየጠረገ «በሬዬን የወሰደ እኔንም ገድሎኛል» ሲል ማን ይቃወመዋል? አስተማሪዋ ሂዊ ብቻ ተነሥታ «ተጠርጣሪ ማለት እኮ ገና ያልተፈረደበት ሰው ነው» አለች። አጉረመረሙባት።

ከዚያ ሳጅን አንሙት እጃቸውን አወጡ። ታስታውሳቸዋለህ፣ ሻይ ያለ ስኳር የሚጠጡት፣ አሁን ጡረታ ሊወጡ የደረሱት። ፖሊስ ናቸውና ይደግፉናል ብሎ ሰው ሁሉ ደስ አለው። እሳቸው ግን መለዮአቸውን አውልቀው «እኔ ተኩሻለሁ» አሉ።

«የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት ነው። በግ ተሸክሞ የሚሮጥ ሰው ቁም ስለው እምቢ አለኝ። ተኮስኩ፣ ሞተ። ተመርምሬ ነፃ ወጣሁ፤ ወረቀቱ ቤቴ አለ። በጉ ግን የሰው ይሁን የራሱ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ልጠይቀው የምችለው እሱን ነበር።»

ነፃ ከወጡ በኋላ ያደረጉትንም ነገሩን። ከዲማ ሽማግሌዎች ለምነው፣ ድንጋይ ተሸክመው፣ የሟቹ ቤተሰብ ደጅ ሄደው ተንበረከኩ። «ደም አድርቁልኝ» ሲሉ የሟቹ ወንድሞች ግራ ገባቸው። «አንተማ ደመኛችን አይደለህም፤ የገደለው መንግሥት ነው» አሏቸው። «ጥይቱ የመንግሥት ነው፤ ምላጩን የሳበው ጣት ግን የእኔ ነው» ብለው ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በመጨረሻ ታረቁ። ፖሊስ በሥራ ላይ ለገደለው ሰው ደም ሲያደርቅ ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ በዕድሜዬ አልሰማሁም።

አንድ ሹፌር «ታዲያ ፖሊስ ሌባ እያየ ዝም ይበል?» ብሎ ጮኸባቸው።

«ይሩጣ!» አሉ። «ያን ጊዜ ጉልበት ነበረኝ። ብሮጥ ኖሮ እደርስበት ነበር።»

የኔአለም ራሱ አቀርቅሮ ቀረ። እውነቴን ነው የምልህ፣ እንደ እሳቸው ያለ ደፋር አይቼ አላውቅም። አሁን ሻይ ቤቱ ሲገቡ ብድግ እላለሁ፤ እሳቸው ያፍራሉ።

ሙሉዬ፣ እቤት ስገባ ብዙ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ስለዚያ ዶሮ ነው። ከዓባይ በረሃ በሚወጣው ዳገት ላይ የጭነት መኪና ሸራ ቀዶ ሰረቀ የተባለውን ሰው በፖሊስነትህ ተኩሰህ የገደልክ ሰሞን ወደ ቤት መጥተህ ነበር። እኔ ዶሮ ሠርቼ ጎረቤት ጠራሁ። «ልጄ ሌባ ጣለ» እያልኩ እልል አልኩ። አንተ አንድ ጉርሻ ሳትውጥ ተነሥተህ ወጣህ። እኔ ሞኟ ሆድህን ያመመህ መስሎኝ ዝንጅብል አፈላሁልህ። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነ፣ ቤትህን አልረገጥክም። አሁን ሳስበው ያን ቀን ከሁላችንም መካከል ሰው የነበርከው አንተ ብቻ ነህ። የኮራሁብህ አሁን ነው፣ ያን ጊዜ አይደለም። ይቅር በለኝ።

ሳልጠይቅህ ያደረግሁት ነገር አለ፤ ከፈለግህ ተቆጣኝ። ሐሙስ ዕለት ከሳጅን አንሙት ጋር ከደጀን ወጣ ብሎ ወዳለ ገጠር ሄጄ የሟቹን እናት አገኘኋቸው። የልጃቸው ስም ድረስ ነበር፤ እሳቸው እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ይባላሉ። ደጃቸው ላይ ተንበርክኬ «የገዳዩ እናት ነኝ» አልኳቸው። ያባርሩኛል ብዬ ነበር። ባቄላ እየለቀሙ ነበርና ሰፌዱን አስቀምጠው ብዙ አዩኝ። «ተነሺ፣ መሬቱ ይቀዘቅዛል» አሉኝ። ስለ ስርቆቱ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ዕርቁንም ሽማግሌ ይነጋገርበት አሉ። እኔን የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ልጅሽ አጠገቡ ነበር። ድረስ ሲወድቅ ምን አለ?»

አላውቅም አልኳቸው።

«እንግዲያ እሱ ይምጣና ይንገረኝ። እኔ ከዚህ ቤት የትም አልሄድም» አሉ።

ልጄ፣ ይህን በምድር ላይ ካንተ በቀር የሚያውቅ የለም። ከባድ እንደሆነ ይገባኛል። ብቻህን አትሄድም፤ እኔ አለሁ፣ ሳጅን አንሙትም ከፊትህ እሄዳለሁ ብለዋል። «ማረኝ» ብሎህም ከሆነ ሳትደብቅ ንገራቸው።

እመቤቴ ማርያም ከአዳማ እስከ እማሆይ ደጅ ድረስ ካንተ አትለይ።

እናትህ ማንጠግቦሽ