ከመምጣትሽ በፊት ማወቅ ያለብሽ

ሼንዘን፣ ማርች 2 ቀን 2025

ለውድ እህቴ ለእትዬ ሳው-ሊን፣

ደብዳቤዬ በደህና ታግኝሽ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? የኦክላንድ ዝናብ ዘንድሮም እንዳልለቀቀሽ የልጅ ልጅሽ ኤሚ ነግራኛለች። እኛ ደህና ነን። የሙይ-ፎንግ ደም ግፊት ወርዶላታል፤ ምላሷ ግን አልወረደም፣ ባለቤቴን በስልክም ቢሆን ታውቂያታለሽ።

ወረቀትና ብዕር ማንሳቴ ይገርምሽ ይሆናል። በስልክ ልጽፍልሽ አራት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ስልኩ የላኩትን ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ እንድሰርዝ ይፈቅድልኛል፤ አራቱንም ሰረዝኳቸው። አንዱን ሳታዪው አልቀረሽም፤ «ምን ጽፈህ ነው ያጠፋኸው?» ብለሽኛልና። «የፊደል ስህተት ነው» አልኩሽ። አልነበረም።

በመልእክትሽ ሁለት ነገር ጠይቀሽኛል። አንደኛው ስለ ከተማው ነው። «አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ አላየሁት፤ እንደ ባዳ ነው የምመጣውና እንዳልደናበር አስረዳኝ» ብለሻል። ሁለተኛውን ወደ ታች እመጣበታለሁ። ቀላሉን ላስቀድም።

ከሆንግ ኮንግ በፈጣኑ ባቡር ተሳፈሪ። ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ የያዝሽው ሻይ እንኳ ሳይበርድ ትደርሻለሽ። ለአንቺ ፓስፖርት ቪዛ አይጠየቅም፤ ጣትሽን ያስነኩሻል፣ ፊትሽን ያነሱሻል፣ ትገቢያለሽ። ሹራብ ያዢ፤ ባቡሩ ውስጥ ያለው ቅዝቃዜ አጥንት ይሰብራል። ውጪው ደግሞ ሌላ ነው። በኤፕሪል ግድግዳው ራሱ እንደሚያልበው አትረሺውም መቼም፤ እሱ አልተለወጠም።

የመክፈያውን ነገር ኤሚ እዚያው ሳላችሁ ስልክሽ ላይ ትጫንልሽ። የወረቀት ገንዘብ እንቢ ባይሉም ያፍሩብሻል። ባለፈው ብርቱካን ልገዛ ወረቀቱን ባወጣ ሻጯ ገልበጥ አድርጋ አይታ፣ «ጋሼ፣ ከየትኛው ሙዚየም ነው ያወጡት?» አለችኝ። መልስ ልትሰጠኝ ሦስት ሱቅ ዞራለች።

መንገድ ላይ ግራ ቀኝ ብቻ ሳይሆን ኋላሽንም እዪ። ምግብ የሚያደርሱት ልጆች የሚነዱት የኤሌክትሪክ ሞተር ድምፅ የለውም፤ በእግረኛው መንገድ ነው የሚበሩት። ኤሚ መናፈሻው ውስጥ ተቀምጣ ምሳ ብታዝዝ ድሮን ከሰማይ ያወርድላታል፤ ደስ ይበላት፣ ግን ሩዙ እስኪደርስ ይቀዘቅዛል። ሾፌር የሌለው ታክሲም አለ። አትፍሪው፤ ሾፌር ካለው ይልቅ እሱ ቀስ ይላል። ሙይ-ፎንግን አንዴ አሳፍሬያት ስንወርድ በሩን ይዛ ቆመች። «ምን ሆንሽ?» ብላት፣ «አመሰግናለሁ የምለው ለማን ነው?» አለች።

የተሰበረ ስልክ ካለሽ እዚያ እንዳታሠሪው፤ ይዘሽው ነይ። ሁዋ-ቺያንግ-ቤይ ገበያ አንድ ሲኒ ሻይ እስክትጠጪ ድረስ አፍርሰው፣ ጠግነው፣ አጽድተው ይሰጡሻል።

ስለ ቋንቋ ግን ልቤ ያዝናል። የእኛን ካንቶኒዝ የሚሰማሽ አታገኚም። ሁሉም ከሌላ አገር የመጣ ነው፣ ሁሉም ወጣት ነው፣ የሚነጋገሩት በማንዳሪን ነው። በቀደም የተሳፈርኩበት ታክሲ ነጂ ከሁናን የመጣ ጎረምሳ ነበር። አነጋገሬን ሰምቶ፣

«አባባ፣ ከየት ነው የመጡት?» አለኝ።

«እዚሁ ነው የተወለድኩት።»

«እዚህ ማለት የት?»

«አሁን የቆምንበት መብራት አካባቢ።»

በመስታወቱ አየኝና ሳቀ። «ኧረ አባባ! እዚህ አገር ሰው ይመጣል እንጂ ይወለዳል እንዴ?»

ሰፈራችንን በካርታ አትፈልጊው። እማማ ኦይስተር የሚባለውን የባሕር ዛጎል ታለማበት የነበረው፣ አንቺም ያን ሌሊት በስውር ወደ ሆንግ ኮንግ የተሻገርሽበት የባሕር ጭቃ ተሞልቶ ባለ ስምንት መስመር መንገድ ሆኗል። እኛ አሁን ያለነው ሃያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ውሃው በመስኮት ይታያል፣ ግን ርቋል። ኦይስተር የሚበላበት ቤት አለ፣ ይዤሽ እሄዳለሁ፤ ኦይስተሩ ግን ከሌላ ወደብ በመኪና የሚመጣ ነው።

እንግዲህ ሁለተኛው ጥያቄሽ። «በመቃብር መጥረጊያው ቀን የእማማን መቃብር በገዛ እጄ ልጥረግ፤ ድንጋይዋን ልንካ። ሌላ ምንም አልፈልግም» ብለሻል።

እትዬ፣ የምትጠርጊው መቃብር የለም። ሃያ ዓመት ሆነው።

ይህን ጽፌ ብዕሬን አስቀምጬ በረንዳ ወጥቼ ተመለስኩ። አሁን እንደ ሆነው ልንገርሽ።

በ2005 የበልግ ወራት እማማ ያረፈችበት ኮረብታ ለግንባታ ተፈለገና ማስታወቂያ ተለጠፈ። መቃብር ያለው ሰው በሰላሳ ቀን ውስጥ አጽሙን አንሥቶ በማሰሮ ወደ መታሰቢያው አዳራሽ እንዲያዛውር ይላል። ቁጥር ጻፉልኝ፣ ማሰሮውም ተሰጠኝ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ቤቶቻችን ሊለኩ ነው ተባለ። ስንት ፎቅ እንዳለሽ ታይቶ ነው ምትክ የሚሰጥሽ። ሰፈሩ አበደ። ሁሉም በቤቱ ላይ ቤት ይጭን ጀመር፤ እኔም ሁለት ፎቅ ልጨምር ተነሣሁ። አሸዋ ስሸከም፣ ብረት ሳስር፣ ግንበኛ ስለምን ዋልኩ። ሙይ-ፎንግ፣ «ኮረብታው እንዴት ሆነ?» ስትለኝ፣ «እናቴ ትታገሠኛለች፣ ሲሚንቶው ግን አይታገሥም» አልኳት። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያልኩት። ጊዜ አጣሁ እያልኩ ለራሴ እነግረው ነበር። ኮረብታው ከቤታችን ሃያ ደቂቃ ነው፣ እትዬ። በእግር።

በሰላሳ አንደኛው ቀን ጠዋት ማሰሮውን ታቅፌ ወጣሁ። ኮረብታው የለም። ቀይ አፈር ብቻ ነው፤ የማሽኑ ጥርስ የተመላለሰበት መስመር እንደ ማበጠሪያ ይታያል። አንድ ባለ ቢጫ ቆብ ሠራተኛ ያዝኩ።

«ወንድሜ፣ እዚህ የነበሩት የት ሄዱ?»

ማሰሮዬን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ እስከ ትናንት ጠብቀናል እኮ። ጠያቂ ያልመጣላቸው አንድ ላይ ተነሡ።»

«ወዴት?»

«እኔ ማሽን ነው የምነዳው።»

ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ። አንዱ በጅምላ ተቀብረዋል አለኝ፤ ሌላው ተቃጥለው አመዱ ከአበባ ጋር ባሕር ላይ ተበተነ አለ። ሦስተኛዋ መዝገቡን አገላብጣ፣ «ለምን ዘገዩ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አልሄድኩም። ማወቅ ፈርቼ ነው፤ ካወቅኩ ለአንቺ መናገር ግድ ይሆንብኝ ነበር።

ከዚያ የሆነው ደግሞ የባሰ ነው። በሚቀጥለው ዓመት፣ «ዘንድሮም መቃብሯን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ» ብለሽ ጻፍሽ። ላውን ታስታውሺው ይሆናል፣ የጀልባ ጠጋኙ ልጅ። የእሱ እናት መቃብር ከሌላኛው ኮረብታ ላይ አለ፤ ድንጋዩ የእማማን ይመስላል። ስሙ ላይ ቢጫ አበባ አስደግፌ አነሣሁና ላክሁልሽ። አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል ብዬ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ላክሁልሽ። አንድ ዓመት፣ «ድንጋይዋ ነጥቶ ታየኝ፣ ስላጠብክላት ተባረክ» አልሽኝ። ያን ቀን እህል አልበላሁም።

እማማ የነበረችበት ቦታ ላይ አሁን መስታወት የለበሰ ፎቅ ቆሟል፤ ውስጡ የማሽን እጅና ጣት የሚሠሩ ወጣቶች አሉ። በየዓመቱ ብርቱካንና አበባ ይዤ ከፊቱ ባለው አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ። አምና ጥበቃው መጣ፤ ከጓንግሺ የመጣ ጎልማሳ ነው፣ ጨዋ ሰው።

«አባቴ፣ እዚህ ዕጣን ማጨስ አይቻልም። ካሜራው ይጮኻል።»

«አላጨስም። ይዤው ብቻ ልቀመጥ።»

«ሰው እየጠበቁ ነው?»

«እናቴን።»

«ስንተኛ ፎቅ ነው የሚሠሩት?»

«ምድር ቤት» አልኩት።

«እንግዲያው አይቸገሩ፤ ፊታቸው ከተመዘገበ በሩ ራሱ ይከፈትላቸዋል» ብሎ ሄደ። ሳቄ መጣ። ከዚያ ሳቁን ማቆም አቃተኝ፤ ከዚያ ሳቅ መሆኑ ቀረ።

እመጣለሁ ስትዪ ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽ፤ ካልነገርኩሽ ይህን ሁሉ መጻፌ ከንቱ ነው። ላው ዘንድ ሄጄ፣ «የእማማ ስም ያለበት ሰሌዳ አሠርቼ ለአንድ ቀን እናትህ ድንጋይ ላይ ልግጠም፤ እህቴ ጠርጋ አልቅሳ ትሂድ» አልኩት። ላው እጁን አላነሣብኝም፣ አልሰደበኝም። ሻዩን አስቀመጠና፣ «እኔስ እሺ ልበልህ፤ ግን ፑይ-ሎክ፣ ለእናቴ ምን ብዬ ልንገራት?» አለኝ። ተነሥቼ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ለሙይ-ፎንግ ብነግራት ቢላዋውን መክተፊያው ላይ ጣለችው። «ያን ሁሉ ባሕር አቋርጣ መጥታ ለሰው እናት ልታስለቅሳት ኖሯል? ወይ አንተ ጻፍ፣ ወይ እኔ ልደውል!» አለችኝ።

እየጻፍኩ ነው። አንድ የቀረ አለ፤ እሱን ሙይ-ፎንግም አታውቀውም።

በ1988 እማማ ስትሞት አንቺ አራስ ነበርሽ፣ መምጣት አልቻልሽም። በዚያ ዓመት በጻፍሽልኝ ሁሉ፣ «ጠርታኝ ነበር? ሳልሰናበታት በመሄዴ ተቀይማኝ ነው የሄደችው?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። «በእንቅልፏ ነው፣ ምንም አላለችም» ብዬ መለስኩልሽ።

ብላለች። ትኩሳቱ ሲበረታባት ሦስት ቀን ሙሉ አንቺን ስትጠራ ከረመች። ዘጠኝ ዓመት ያጎረስኳት፣ ያጠብኳት፣ በጀርባዬ ሐኪም ቤት ያመላለስኳት እኔ ነኝ፤ የእኔን ስም አንዴ አልጠራችም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ «ሳው-ሊን፣ መጣሽ?» አለች። ዞር ብዬ አየሁ፤ ከእኔ በቀር ሰው የለም። ድምፄን አቅጥኜ፣ «መጣሁ እማዬ» አልኩ። እጄን ይዛ ዳሰሰችኝ። «ዛጎሉ የቆረጠው እግርሽ ዳነ?» አለች። «ድኗል እማዬ።» «እኔ እኮ ጫማ ይዛ ሄዳ ይሆን እያልኩ ነው የሰነበትኩት» አለችና ፈገግ አለች። ሌላ ቃል አልወጣትም። ሲመሽ አረፈች።

ቂም አልነበራትም። ስለ እግርሽ ብቻ ነበር የምታስበው። እጇን ይዘሽ ነው የሞተችው፣ እትዬ፤ እሷ የምታውቀው ይህን ነው። እኔ ግን ቀናሁ። ባሕር ተሻግራ የሄደችው እህቴ ይህንንም ልትወስድብኝ ነው ብዬ ሠላሳ ሰባት ዓመት ደበቅሁሽ። የመቃብሩ ነገር ስንፍናና ስስት ነው፤ ይኼኛው ግን ዐውቄ ያደረግኩት ነው። ኮረብታው ሲቆፈር እግሬ ያልሄደውም፣ አሁን ሳስበው፣ ከዚህ የራቀ ምክንያት ያለው አይመስለኝም።

ይቅር በይኝ ብዬ አልጽፍም፤ በወረቀት የሚለመን አይደለም። የቆረጥሽውን ቲኬት ብትመልሺ ይገባኛል፣ ኤሚንም ምንም አልላትም። ከመጣሽ ግን ኤፕሪል 3 ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ ከባቡሩ መውጫ በስተቀኝ በኩል ቆሜ ታገኚኛለሽ። ፀጉሬ አልቋል፤ ሰማያዊ ጃኬት እለብሳለሁ። በጥፊ ብትመቺኝም እዚያው አድርጊው፤ ቤት እስክንደርስ አታቆዪው።

ዕድሜሽ ይርዘም፣ ቤትሽ አይጉደል፣ የልጅ ልጆችሽ አንቺን የሚቀብሩበትን ስፍራ የማይረሱ ይሁኑ።

ታናሽ ወንድምሽ
ጻንግ ፑይ-ሎክ