ተገጣጥሞ የመጣው ኮምፒውተር

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለቢተው፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ አሸተን ማርያም ሳትለየን ደህና ነን።

የፎቶ ኮፒ ቤታችን ኮምፒውተር መቃጠሉን ነግሬህ ነበር። «አዲስ አበባ ማዘርቦርድ ጠፋ» ስላልከኝ ክረምቱን ሙሉ ጠበቅኩህ። ሰሞኑን ግን አስጎብኚው ደሳለ ከዚያ ተመልሶ፣ «ቢተው የኮምፒውተር ዕቃ መደብር ከፍቷል፤ መደርደሪያው ማዘርቦርድ በማዘርቦርድ ነው። አልነገረህም እንዴ?» አለኝ።

«ነግሮኛል» አልኩት።

በማግስቱ ደሴ ወርጄ የተገጣጠመ ገዛሁ። ሻጩ «ምን ዓይነት ትፈልጋለህ?» ሲለኝ አፈርኩ፤ ስንት ዓመት በእጃችን ስንገጣጥም የኖርን ሰዎች ነን። «ከፍቼ የማልነካካውን» አልኩት። ደህና ይሠራል። ድምፁ እንኳ አይሰማም። አንተ ብታየው ክዳኑን ሳትፈታ አታድርም ነበር፤ እኔ መፍቻውንም አላነሣሁም።

እናታችን የልደት በዓልን እዚህ ታሳልፋለህ ብላ ክፍልህን እያስመረገች ነው። «ልጄ በተሰነጠቀ ግድግዳ መሐል አይተኛም» ትላለች። ደሳለ ያወራኝን አልነገርኳትም። ትናንት «ዘንድሮ ይቅርብሽ» ልላት አፌን ከፍቼ መለስኩት። ጭቃውን ያቦካሁላት እኔው ነኝ።

እሷ «በሰላም ያገናኘን» ብላሃለች፤ እኔም አሜን ብያለሁ።

ወንድምህ ሙሉሃብት፣ ከላሊበላ