ያልታሰረ ሰው አለ

መካኒሳ፣ ማክሰኞ ጥር 9 ቀን 1970 ዓ.ም.

ውድ ሮበሌ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ እምቢ አለኝ። እስር ቤት ያለ ሰው ምን ተብሎ ይጠየቃል? ስንቅህን ተቀብለው ባዶውን ሳህን ሲመልሱልኝ ደህና ነው ብዬ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ሃያ ቀን ሙሉ ጤንነትህን የምጠይቀው ከሳህን ነው። አሁን ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፤ በሩን ዘግቼ እስከ ዛሬ ያልነገርኩህን ልነግርህ ተቀምጫለሁ። መጨረሻውን ሳታይ አትቆጣኝ።

መኪናዋን ያመጣሃት ዕለት ትዝ ይልሃል? ዘጠኝ ዓመት ሾፌር የሆንክለት ፈረንጅ ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ ሲገባ ለአንተ ትቶልህ ሄደ። ልጆቹ፣ ሙሴና ጫልቱ፣ ያን ቀን ምሳቸውን እዚያው ውስጥ ካልበላን ብለው አስቸገሩን። ከፊት የተቀመጠ ሰው ቀበቶ ካላሰረ ጢጥ ጢጥ እያለ የሚያስጠነቅቅ ነገር እንዳላት ስታስረዳን እንደ ሙሽራ ኮርተህ ነበር። ችግሩ ግን ስናስርም ትጮኻለች፣ ስንፈታም ትጮኻለች። ወንበሩ ላይ ሽንኩርት ሳስቀምጥ ትጮኻለች። አንድ ቀን ተናደህ ለሽንኩርቱ ቀበቶ አሰርክለት፤ ያው ጮኸች።

ጫልቱ «አባባ፣ ምን እያለች ነው?» ብላ ስትጠይቅህ መልሱን ከአፍህ የነጠቅኩህ እኔ ነኝ። «ያልታሰረ ሰው አለ እያለች ነው» አልኩ። አንተ መሪውን እንደያዝክ እንባህ እስኪወርድ ሳቅክ። ያን ጊዜ በየሰፈሩ አሰሳ ነው፤ ከየቤቱ ሰው ይለቀማል። እኛ ግቢ ደግሞ ያልታሰረ ሰው አለ እያለች የምትጮኽ መኪና ቆማለች። እንዲህ ዓይነት ነገር ካገኘሁ ምላሴን መያዝ እንደማልችል ታውቃለህ። ደግሞም አንተ ዝምተኛ ሰው ነህ፤ ሳቅህን በወር አንዴ ነው የማየው። እሱን ለማየት ስል በየቀኑ ደጋገምኩት።

አሁን የማታውቀውን ልንገርህ። ከገብርኤል በፊት በነበረው ቅዳሜ ኤሌትሪክ ሠሪው ዑስማን አንተ ልከኸው መጥቶ ነበር። «እትዬ እማዋይሽ፣ ጋሼ ሮበሌ ጩኸቱን አስተካክል ብሎኛል» አለኝ። ዛሬ አይመችም ብዬ መለስኩት፤ ማታ ስትጠይቀኝ ደግሞ አልመጣም ብዬ ዋሸሁህ። ከተጠገነ ምን ብዬ ላስቅህ ነው?

ሁለተኛው ይብሳል። ቀልዱን ከቤት አውጥቼው ነበር። የቀበሌው ሱቅ ደጃፍ የስኳር ሰልፍ ላይ ቆመን፣ ፀሐዩ ሲያቃጥለን፣ ሴቶቹ እንዲስቁ ብዬ ነገርኳቸው። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ሰልፉን የሚጠብቀው አብዮት ጥበቃ በኃይሉም ጠመንጃውን ተደግፎ ሳቀ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ በኋላ እንደሰማሁት፣ አንዱ ሄዶ በኃይሉ በአብዮቱ ላይ ሳቀ ብሎ ለአለቃው ነገረበት። ስለዚህ የገብርኤል ዕለት ድልድዩ ጋ የቆሙት ለፍተሻ አልነበረም፤ መኪናችንን ነበር የሚጠብቁት። አንተ ግን እስከ ዛሬ ድረስ የክፉ አጋጣሚ ነገር ይመስልሃል።

ከብስራተ ገብርኤል ስንመለስ ልጆቹ ከኋላ ተኝተዋል፤ አንተና እኔ ቀበቷችንን አስረናል፤ እሷ እንደ ልማዷ ትጮኻለች። በኃይሉ በእጁ አስቆመን። መንጃ ፈቃድህን ከኪስህ ለማውጣት ቀበቶህን ፈታህ። አለቃው በመስኮት አንገቱን አስገባ።

«ይሄ የሚጮኸው ምንድን ነው?»

«የቀበቶ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ጓድ። ተበላሽቶ ነው» አልክ።

«አንተን አልጠየቅኩም። አንቺ ንገሪኝ፤ ምን እያለ ነው?»

በኃይሉ መሬት መሬት ያይ ነበር። ያኔ ልጠረጥር ይገባኝ ነበር፤ አልጠረጠርኩም። «ያልታሰረ ሰው አለ እያለ ነው» አልኩት። አንተ ሳቅህን በአፍንጫህ ልታስቀረው ሞከርክ፤ ትከሻህ ግን አጋለጠህ።

አለቃው ፈገግ እንኳ አላለም። «ማን ነው ያልታሰረው?»

ቀበቶህን ዝቅ ብለህ አየህ። «እኔ ነኝ፣ ጓድ።»

«እንግዲያው ውረድ።»

ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ሌላ መልስ ሳወጣና ሳወርድ እውላለሁ። «ሁላችንም ታጥቀናል» ብልስ ኖሮ? መሣሪያው የታለ ብለው ወንበሩን ይቦጫጭቁት ነበር። ዝም ብልስ? ዝም ብል አንተ እቤትህ ትሆን ነበር፣ ሮበሌ።

በማግስቱ ዑስማን መኪናዋን ከድልድዩ እየነዳ አመጣልኝ። ከሰፈሩ መግቢያ ጀምሮ ጩኸቷ ይሰማኛል። በሩን ሳይዘጋ «ይህን የጩኸቷን ሽቦ ቁረጥልኝ» አልኩት። «እትዬ፣ ይቆይ፤ ጋሼ ይምጣና…» «ቁረጠው አልኩህ!» ቆረጠው። እኔም በደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ባለፈው ሐሙስ የቀበሌው ሊቀመንበር አስጠርቶኝ የሰጠኸውን ቃል አነበበልኝ። «ቀልዱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ ከእኔ የሰማችውን ነው የደገመችው» ብለሃል። አንተ በዕድሜህ አንድ ቀልድ ፈጥረህ አታውቅም! ቀጥሎ ደግሞ «ድምፁ ብልሽት ነው፤ ቀበቶ ታስሮም ይጮኻል» ብለህ ፈርመሃል። እነሱ የፀረ አብዮተኞች ምልክት መስጫ ነው ብለው ጠርጥረዋል። ሊቀመንበሩ «ሰኞ መኪናዋን አምጪና እንስማው። እውነቱን ከሆነ እናየዋለን» አለኝ። ከደስታ ብዛት እጁን ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ሮጬ ዑስማን ጋ ሄጄ የቆረጥከውን ቀጥልልኝ አልኩት። ቅዳሜን ሙሉ ወንበሩ ሥር ተኝቶ ዋለ። እንዳትጠግነው ማለትን ረሳሁ። ለኤሌትሪክ ሠሪ እንዳትጠግን ብሎ የሚያስጠነቅቅ ማን አለ?

ትናንት ሰኞ ዑስማን እየነዳ ወሰደኝ። ሊቀመንበሩ ራሱ ከፊት ተቀመጠ። ሞተሩ ሲነሣ ጮኸች፤ እሰይ አልኩ በሆዴ። ቀበቶውን አሰረ። ዝም አለች። ፈታ፤ ጮኸች። አሰረ፤ ዝም አለች። አራት ጊዜ ሞከረው፤ አራት ጊዜ እንደ ጨዋ ልጅ ታዘዘችው።

«ባልሽ ታስሮም ይጮኻል ብሎ ነው የፈረመው» አለኝ። «ይኸው፣ ሲታሰር ዝም ይላል።»

ዑስማንን ዞሬ ባየው ፊቱ አመድ መስሏል። ስንወጣ እያለቀሰ ነገረኝ። ሽቦውን ሲቀጥል የዛገ ነገር አግኝቶ ጠርጎ አስተካክሎታል። «እትዬ፣ የተበላሸ ነገር አይቼ እንዴት ልለፍ? ጋሼ ሲወጣ ደስ ይለዋል ብዬ እኮ ነው።» ምን ልበለው? ሙያውን ነው የሠራው። እንደዚያ ያለ ጥሩ እጅ ገብርኤል ሳይደርስ መጥቶልን የመለስኩት እኔ ነኝ።

ሊቀመንበሩ ባልሽ የሐሰት ቃል ሰጥቷልና ዓርብ፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ወደ ላይ ይተላለፋል አለ። እግሩ ላይ ወደቅኩ፤ ተሻግሮኝ ሄደ። የሰፈራችንን ሽማግሌ አቶ ፈየራን ለሽምግልና ለመንኳቸው፤ «ልጄ፣ እኔም ልጆች አሉኝ» ብለው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። አልፈርድባቸውም። ወደ ላይ የተላለፈ ሰው ምን እንደሚሆን እስር ቤቱ በር ላይ አብረውኝ ከሚቆሙት ሴቶች አውቃለሁ። ወደ ላይ የተላለፈው የለሜሳ ሚስት ባለፈው ሳምንት ስንቋን እንደያዘች ነው የመለሷት። «ከእንግዲህ አታምጪ» ብቻ ነው ያሏት። እዚያው አስፋልቱ ላይ ተቀመጠች፤ እኛም አጠገቧ ቆመን የየራሳችንን ሳህን እንጠብቅ ነበር።

ጨንቆኛል፣ ሮበሌ። እንደዚህ ሆኜ ዓርብን አልጠብቀውም።

ነገ ከተራ ነው። ጠዋት ልጆቹን መካኒሳ አቦ እህትህ ቡዜ ጋ አደርሳቸዋለሁ፤ ከታቦቱ ጋር ካልወረድን እያሉ ልብሳቸውን ከአሁኑ አውጥተዋል። ከዚያ በቀጥታ ቀበሌ እሄዳለሁ። ቀልዱ የእኔ ነው፣ ስኳር ሰልፍ ላይ ሃያ ሴት ሰምቶኛል፣ ባሌ የእኔን ጥፋት ነው የተሸከመው እላለሁ። ሽቦውንም ነካክቼ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ዑስማንን አላነሣውም፤ በኃይሉም መሳቁን ከእኔ አይሰሙም። እኔን ይዘው አንተን ይለቁ ይሆን? አላውቅም። ሌላ በር ግን አጣሁ።

ይህን ደብዳቤ ለቡዜ እሰጣታለሁ፤ በእጅህ የምትሰጥህ ከወጣህ ብቻ ነው። እያነበብከው ከሆነ ተሳክቶልኛል ማለት ነው። በዘጠኝ ዓመት ትዳራችን እወድሃለሁ ብዬህ አላውቅም፤ ያንን ሁሉ ያወራሁት እሱን ላለማለት ነበር መሰለኝ። እወድሃለሁ። እንግዲህ አደራህን፣ እኔ ነኝ ብለህ ተመልሰህ እንዳትመጣ። ከመጣህ ሁለታችንንም ያስቀሩናል፤ ልጆቹ ባዶ ቤት ይቀራሉ። ስንቅ ስታመጣልኝም አንተ አትሥራው፣ ቡዜ ትሥራው፤ ያንተን ወጥ በልቼ አውቃለሁ።

ሙሴና ጫልቱ እናታችን የት ሄደች ብለው ይጠይቁሃል። አትዋሻቸው። አባታችሁን ልታስፈታ ሄደች በላቸው።

ያንተው
እማዋይሽ