በቁም ሣጥን ስለታሰረው የፊዚክስ መጽሐፍ

ለተከበሩ አቶ አሻግሬ፣
የሰፈራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣

አቃቂ፣ ሚያዝያ 1986 ዓ.ም.

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና፣ ለቢሮዎ ቁልፍም ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ በምድር ባቡር ጣቢያ ትኬት ስሸጥ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዋ የየሺሐረግ አባት አምባው ነኝ። የምጽፍልዎት ላመሰግን ስለሆነ እባክዎ አይደንግጡ።

እንደሚያውቁት ማትሪክ ደርሷል። ለመላው ክፍል የተረፈው የፊዚክስ መጽሐፍ አንድ ብቻ ነበርና፣ ልጆቹ ተማክረው በምላጭ በየምዕራፉ ለያይተው ተከፋፈሉት። ለሜሳ ኤሌክትሪክን፣ ዳሲቱ ሙቀትን፣ የእኔዋ ድምፅን ወሰዱ፤ ሌሎቹም እንደዚሁ። ሐሳባቸው እያንዳንዱ የደረሰውን በሚገባ አጥንቶ፣ ኋላ ጣቢያው ዳር በቆመው አሮጌ ፉርጎ ውስጥ ተሰብስበው ተራ በተራ ሊማማሩ ነበር። የመንግሥት ንብረት መቅደድ ጥፋት መሆኑን አልክድም። ነገር ግን አንድ ዳቦ ለብዙ ሰው ሲቀርብ ይቆረሳል እንጂ ምን ይደረጋል?

እንግዲህ ምስጋናዬ የሚከተለው ነው።

1ኛ. ልጆቹ የየድርሻቸውን አጥንተው ሊማማሩ ሲሰናዱ፣ ቦርሳቸውን አስፈትሸው ምዕራፎቹን አንድም ሳይቀር ስለሰበሰቡ፣ መጽሐፉንም በወፍራም ካርቶን አስጠርዘው ወደ ቀድሞ ክብሩ ስለመለሱ አመሰግናለሁ።

2ኛ. የተጠረዘውን መጽሐፍ ቢሮዎ ባለው ባለመስተዋት ቁም ሣጥን ቆልፈው ስላስቀመጡት፣ ከላይ የመጡት ተቆጣጣሪም አይተው ስለ ንብረት አያያዝዎ ስላደነቁዎት፣ የደስታዎ ተካፋይ ነኝ። ልጄ ሽፋኑን በመስተዋቱ አሻግራ አይታዋለች፤ ያምራል ብላኛለች።

3ኛ. መጽሐፉ ቢወሰድ እንኳ በቃላቸው የያዙትን ይነጋገሩ ብለን ስናስብ፣ እርስዎ ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ክልክል ነው ብለው ዘበኛውን ጋሽ ኦልጅራን ወደ ፉርጎው ላኩ። ጋሽ ኦልጅራ ዱላቸውን ውጭ አቁመው፣ «ልጆቼ፣ እንጀራዬ ነው፤ ተበተኑልኝ» ብለው ለመኗቸው። ልጆቹም ለእርስዎ ሳይሆን ለእሳቸው አዝነው ተበተኑ።

በዚህም ጥረትዎ ለሜሳ ስለ ኤሌክትሪክ ቢጠይቁት የማይደናቀፍ፣ ስለ ሙቀት ግን ፍጹም ባዳ ሆኖ ቀርቷል። የእኔዋም ከድምፅ በቀር አታውቅም። ስለዚህ አንድ ትንሽ ልመና አለኝ፦ ይህ ሁሉ ልጅ በአንድ ወንበር፣ በአንድ ስምና በአንድ ፎቶግራፍ ይፈተን ዘንድ ለፈተናዎች ድርጅት የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፉልን። ሁሉም ተደምረው አንድ ጥሩ ተማሪ ይወጣቸዋልና፣ አንዱ እንኳ ዩኒቨርሲቲ ይግባ።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዱ እዚህ ላይ ያብቃና እውነቱን ልንገርዎት፤ እፈራለሁ። ባለቤቴ ብዙወርቅ ዕድሜዋን በፋብሪካ የክር ማሽን ፊት ቆማ ጨርሳ፣ ደረቷን ታማ ቤት ውላለች። አለቆቿ ደግ ሰዎች ስለሆኑ፣ የሺሐረግ ማትሪክ ካልመጣላት የእናቷን ቦታ እንሰጣታለን ብለውናል። እናቷ ይህን በሰማች ጊዜ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እኔ መርካቶ ወርጄ መጽሐፉን ፈለግሁ፤ የለም። ሌላ ትምህርት ቤት ሄጄ አውሱኝ ብዬ ለመንሁ፤ ከእኛ ተማሪ አይተርፍም አሉኝ። ከዚህ በኋላ የማንኳኳው በር አላውቅም። እርስዎ ዛሬ ቁም ሣጥኑን ቢከፍቱት እንኳ፣ በቀረው ጊዜ ያን ሁሉ ምዕራፍ የሚዘልቀው ልጅ የለም። የምጽፍልዎትም ይከፍቱታል ብዬ አይደለም። ዝም ብዬ ብቀመጥ ስላመመኝ ነው።

መጽሐፍን ከአንባቢ ክፉ ለጠበቁ ለእርስዎ፣ ባርኔጣዬን አንሥቼ፣ ወገቤ የፈቀደልኝን ያህል ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣

አምባው፣ የየሺሐረግ አባት

ፈርሜ ካበቃሁ በኋላ የሰማሁት፦ ትናንት የቁም ሣጥንዎ መስተዋት ተሰብሮ በመገኘቱ ልጆች እየተመረመሩ ነው አሉ። በአባትነቴ የሺሐረግን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ አንቺ ነሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አይደለሁም፣ አሁን ምን ያደርግልኛል አለችኝ። እውነቷን ስለሆነ በእሷ በኩል ሥጋት አይግባዎት። አዎ ብትለኝ ኖሮ ግን፣ ሌባ ልጅ ስለሰጠኝ ተንበርክኬ እግዚአብሔርን አመሰግን ነበር።